በደሴ ዳገትና በሐረጎ ቁልቁለት የተፈተነች ባለ አምስት ማርሽ ያሪስ

ደሴ ላይ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ጤንነትና ስለተነዳው ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያም ስለ ሰሌዳው፣ ስለ ጎማው፣ ቀለሙ ተነክቶ እንደሆነም ይጠይቃል። የማርሹን አቀማመጥ የሚጠይቅ ገዢ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም፤ እኔም ከሁለት ዓመት በፊት መኪናዬን ስገዛ አልጠየቅሁም። መኖሪያዬ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ በመሆኑ ከዚያ ወዲህ በሳምንት አምስት ቀን ጠዋት በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ጥምዝምዝ ቁልቁለት፣ ሐረጎን፣ እወርዳለሁ፣ ማታ ሐረጎን እወጣለሁ። በዚህ ምልልስ የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ በእኛ መሬት ላይ ማኑዋል መኪና፣ ማለትም ማርሹ በእጅ የሚቀየር መኪና፣ ከሞተሩ እኩል መመዘን ያለበት በካምቢዮው፣ ማርሾቹን በያዘው ሳጥን፣ መሆኑን ነው። ስለዚህ ይህ ግምገማ ስለ መቀመጫው ምቾትም ሆነ ስለ ሬዲዮው አያወራም፤ የሚያተኩረው ቀኝ እጅ በየደቂቃው በሚጨብጠው የማርሽ ዘንግ፣ ከሥሩ ባሉት አምስት የፊት ማርሾችና በአንዱ የኋላ ማርሽ ላይ ነው።

መኪናዋ ቶዮታ ያሪስ ናት፤ ብዙው ሰው በጃፓን ስሟ ቪትዝ እያለ የሚጠራት፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2005 የተመረተችው የመጀመሪያዋ ትውልድ። ሞተሯ አራት ሲሊንደር ያለው የ1.0 ሊትር የቤንዚን ሞተር ሲሆን፣ ከፋብሪካ ሲወጣ 70 ገደማ የፈረስ ጉልበት ነበረው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እንዲህ ያሉ መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ይኖራሉ፤ በምትካቸው የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ እንደ እነዚህ በእጅ የሚቀየር ማርሽም ሆነ ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያላቅቀው የፍሪሲዮን ፔዳል የላቸውም። ስለዚህ ዛሬ ማኑዋል መኪና የሚገዛ ሰው የሚገዛው ሌላ ሰው ለዓመታት ሲያስገባና ሲያወጣ የኖረውን ካምቢዮ ነው፤ የዚያን ሰው ልማድ፣ ጥንቃቄና ግዴለሽነት አብሮ ይረከባል።

እኔ የተረከብኩት የተሳሳተ ሥዕል ነበር። መኪናዋን ስገዛ በማርሽ ዘንጉ ጫፍ ላይ የነበረው እጀታ የራሷ አልነበረም፤ የቀድሞው ሲያልቅ ከመለዋወጫ ሱቅ ተገዝቶ የተተከለ፣ የሚያብረቀርቅ ብርማ እጀታ ነበር። በላዩ የተቀረጸው ሥዕል ስድስት የፊት ማርሾችን ያሳያል፤ የኋላ ማርሹንም በግራ በኩል፣ ከአንደኛው ጎን ያስቀምጠዋል። ሻጩ አልነገረኝም፣ እኔም አላጣራሁም። በገዛኋት በሁለተኛው ቀን ከፒያሳ በላይ ወደ ጦሳ ተራራ አቅጣጫ በሚወጣ አንድ ጠባብ መንገድ ላይ አፍንጫዋን ወደ ግንብ አጥር አስጠግቼ አቆምኳትና፣ ጉዳዬን ጨርሼ ስመለስ ወደ ኋላ ልወጣ ፈለግሁ። ሥዕሉን ተመልክቼ ዘንጉን ወደ ግራ ጥግ ገፋሁና ወደ ፊት አስገባሁት። ፍሪሲዮኑን ስለቀው መኪናዋ ወደ ፊት ዘለለች፤ መከላከያዋም ግንቡን መታ። ያስገባሁት አንደኛ ማርሽ ነበር። በሰዓቱ ከአጥሩ ሥር ማንም አልነበረም፤ ቦታው የሰፈር ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ የሚጫወቱበት መሆኑን ግን በማግሥቱ በዚያው ሳልፍ አየሁ፤ እጄ የተንቀጠቀጠውም ያን ጊዜ ነው።

መኪናዋን የወሰድኩበት ጋራዥ ያሉ በዕድሜ የገፉ መካኒክ እጀታውን ገና ሲያዩት የሆነውን ተረዱ። «አብሽሪ ልጄ፣ ካምቢዮው ምንም አልሆነም፤ የተሳሳተው ሥዕሉ ነው» አሉኝና ነቅለው አንድ ያገለገለ፣ ሥዕሉ በመዳፍ ብዛት ከጠፋ ጥቁር እጀታ ጋር ቀየሩልኝ። ከዚያም ሞተሩ እንደጠፋ፣ ዓይኔን አስጨፍነው፣ ፍሪሲዮን እያስረገጡ ስድስቱንም ቦታ ደጋግሜ በእጄ እንዳገኝ አደረጉኝ። መንጃ ፈቃድ ሳወጣ ካገኘሁት ሥልጠና ሁሉ በላይ የጠቀመኝ ያ ግማሽ ሰዓት ነው። ያገለገለ ማኑዋል መኪና የሚገዛ ሁሉ በእጀታው ላይ የተሳለውን ሥዕል ሳያምን፣ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ እያንዳንዱን ማርሽ በእጁ እንዲያረጋግጥ አጥብቄ አሳስባለሁ።

የያሪስ እውነተኛ አቀማመጥ ይህ ነው። ዘንጉ ዜሮ ማርሽ ላይ ሲሆን ሞላው ወደ መሃል እየሳበው በሦስተኛና በአራተኛ መካከል ይቆማል። ወደ ግራ ገፍቶ ወደ ፊት አንደኛ፣ ወደ ኋላ ሁለተኛ ነው፤ በመሃሉ መሥመር ወደ ፊት ሦስተኛ፣ ወደ ኋላ አራተኛ ነው፤ ወደ ቀኝ ገፍቶ ወደ ፊት አምስተኛ፣ ወደ ኋላ ደግሞ የኋላ ማርሽ ነው። ጥንድ ጥንድ ሆነው በአንድ መሥመር የተሰለፉት ማርሾች እንዲያው ለውበት የተደረደሩ አይደሉም፤ በካምቢዮው ውስጥ አንደኛንና ሁለተኛን የሚያገናኘው ሹካ የሚባል አንድ ገፊ ብረት ነው፣ ሦስተኛንና አራተኛንም እንዲሁ። እጃችን ወደ ጎን ሲሄድ ሹካ እየመረጠ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲሄድ የተመረጠውን ሹካ እየገፋ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ዘንጉን ማስገደድ ትቻለሁ፤ ምክንያቱም አልገባም የሚል ማርሽ ብዙውን ጊዜ ሹካው በትክክል ያልተመረጠ ማርሽ ነው።

የኋላ ማርሹ ከአምስተኛው ሥር መሆኑ መጀመሪያ አሳስቦኝ ነበር። በፍጥነት ስነዳ ከአምስተኛ ወደ አራተኛ ልቀንስ ብዬ ዘንጉን በቀጥታ ወደ ኋላ ብስበውስ? መሐንዲሶቹ አስበውበታል፤ ካምቢዮው ውስጥ ከአምስተኛ በቀጥታ ወደ ኋላ ማርሽ መግባትን የሚከለክል መቆለፊያ አለ፤ ዘንጉ ወደ ዜሮ ተመልሶ እንደገና ወደ ቀኝ ካልሄደ የኋላ ማርሽ አይገባም። እንደ ኦፔልና እንደ ሬኖ ባሉ ብዙ የአውሮፓ መኪኖች ላይ ከእጀታው ሥር ወደ ላይ የሚሳብ ቀለበት አለ፤ ቀለበቱ ካልተሳበ የኋላ ማርሽ አይገኝም። ቀለበቱ ለጀማሪ የበለጠ ማረጋገጫ ይሰጣል ብዬ አምናለሁ፤ ሆኖም የያሪሱ አቀማመጥ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፣ እርሱም የኋላ ማርሽና አንደኛ ማርሽ በሁለት ተቃራኒ ጥጎች መቀመጣቸው ነው። ደሴ ውስጥ በጠባብ ዳገት ላይ መኪና ሲዞር እነዚህ ሁለቱ በየተራ ይገባሉ፤ ጎን ለጎን ቢሆኑ ኖሮ የደከመ እጅ ሊያሳስታቸው ይችል ነበር። በግራ ጥግ መነሻው፣ በቀኝ ጥግ መመለሻው ሲሆን ግን ክንድ ራሱ ልዩነቱን ይናገራል።

መንዳት የተማርኩት በአባቴ ላዳ ነው፤ ባለ አራት ማርሽ የነበረች ሲሆን፣ የኋላ ማርሿ የሚገባው ዘንጉን ወደ ታች ተጭኖ ወደ ቀኝና ወደ ኋላ በመሳብ ነበር። ይህም የላዳ እናት ከሆነችው ከፊያት 124 የተወረሰ ነው። በድሮዋ ቮልስዋገን ደግሞ ዘንጉ ወደ ታች ተጭኖ ወደ ግራና ወደ ኋላ፣ ከሁለተኛው ጎን ይገባል። አባቴ ከላዳ በፊት ቮልስ ይነዳ ስለነበር ላዳዋን በገዛት ሰሞን የኋላ ማርሹን በግራ ሲፈልግ እንደነበር ሲያወራ እሰማ ነበር፤ ያኔ ያልገባኝ ነገር አሁን ገብቶኛል። እጅ የለመደውን መሥመር አእምሮ ሳያዝዘው ነው የሚሄድበት።

ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ግን ከቤት መኪና ወደ ጭነት መኪና ለሚሸጋገር ሰው ነው፤ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ደግሞ ጠዋት የራሱን መኪና፣ ከሰዓት በኋላ የድርጅቱን አይሱዙ የሚነዳ ብዙ ሰው አለ። አምስት ማርሽ ባለው አይሱዙ ኤን.ፒ.አር. ላይ በግራ ጥግ ወደ ፊት ያለው የኋላ ማርሽ ነው፤ አንደኛ ከሥሩ ይውላል፤ ሁለተኛና ሦስተኛ በመሃሉ መሥመር፣ አራተኛና አምስተኛ በቀኙ መሥመር ይሰለፋሉ። ያሪስ ላይ አንደኛ ያለበት ቦታ እዚያ የኋላ ማርሽ ሆኖ ይጠብቃል ማለት ነው። አቀማመጡ ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ ባዶውን ያለ የጭነት መኪና በሁለተኛ ስለሚነሳ፣ አንደኛ የሚያስፈልገው ጭነት ሲኖርና ዳገት ሲጠና ብቻ ነው፤ በመንገድ ላይ ዘወትር የሚቀያየሩት ሁለተኛና ሦስተኛ ደግሞ በአንድ ቀጥ ያለ መሥመር ላይ መሆናቸው ሾፌሩን ያሳርፈዋል። ሐረጎን በጭነት ሲወጣ የሚታይ አይሱዙ ይህን የመሃል መሥመር እየደጋገመ ነው የሚወጣው። ለሥራው ተገቢ አቀማመጥ ነው፤ አደጋው ያለው በሽግግሩ ላይ ነው። በተቃራኒው ዛሬ በከተማችን ታክሲ ሆኖ የሚሠራው ሱዙኪ ዲዛየር የኋላ ማርሹ ልክ እንደ ያሪስ በቀኝ ከአምስተኛው ሥር ስለሆነ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ለሚሸጋገር ሰው እጁን ዳግም ማስተማር አያስፈልገውም። የባጃጅ ሾፌር ሆኖ የቆየ ሰው ግን ሁሉም ነገር አዲስ ይሆንበታል፤ በባጃጅ ማርሽ የሚቀየረው በግራ እጅ እጀታውን በመጠምዘዝ፣ ፍሪሲዮኑም የሚያዘው በዚያው እጅ ጣቶች ነውና።

አሁን ወደ ዳገቱ ልምጣ፤ ያሪስን በትክክል የፈተናት እርሱ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከፍታውም በሙሉ ርቀቱ እኩል አልተከፋፈለም፣ የሚበዛው በሐረጎ ጥምዝምዞች ላይ ይከማቻል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ደሴ ላይ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ሲሆን፣ አየር ገፍቶ የሚያስገባለት ተርቦ የሌለው ሞተርም በዚያው መጠን ጉልበት ያጣል። ስለዚህ በወረቀት ላይ 70 የተባለው የፈረስ ጉልበት ሐረጎ አናት ላይ 55 ቢሆን ነው። ሞተሩ አልታመመም፤ የሚተነፍሰው አየር አንሶት ነው። ይህን የማያውቁ ገዢዎች መኪናው «ደከመ» እያሉ ጋራዥ ለጋራዥ ሲንከራተቱ አይቻለሁ።

እንዲህ ጉልበት በሚያንስበት ቦታ የማርሾቹ መራራቅ ወሳኝ ይሆናል። የያሪስ አንደኛ ማርሽ ሬሾ (ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ አንዴ ሲዞር ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚያሳየው ቁጥር) 3.5 ገደማ፣ የሁለተኛው 1.9 ገደማ ነው፤ ይህም ማለት በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር፣ በዚያው የመኪና ፍጥነት ሁለተኛ ሲገባ ወደ 1,600 ዙር ይወርዳል ማለት ነው። ይህ ትንሽ ሞተር ዋና ጉልበቱን የሚሰጠው ግን 4,000 ዙር አካባቢ ነው። ብቻዬን ስሆን ወይም አንድ ሰው ሲኖር ልዩነቱ አይሰማኝም፤ ሁለተኛ ማርሽ ጥምዙን ይዞኝ ይወጣል። አራት ሰው ከነዕቃው ተጭኖ፣ ከፊት ሲኖትራክ እየተጎተተ፣ ፍጥነታችን በሰዓት ወደ 20 ኪሎ ሜትር ሲወርድ ግን ሁለተኛው ይከብደዋል፣ አንደኛው ደግሞ ይጮኻል። በሁለቱ መካከል አንድ ማርሽ ቢኖር ብዬ የተመኘሁት ብዙ ጊዜ ነው። መፍትሔው ሞተሩ መንተፋተፍ ሳይጀምር ቀደም ብሎ ወደ አንደኛ መቀነስ ነው፤ ጩኸቱ ሊያስፈራ አይገባም፣ በ4,000 ዙር የሚጮኽ ሞተር ከሚጎዳው ይልቅ በ1,200 ዙር እየተንገጫገጨ ዳገት የሚገፋ ሞተር የበለጠ ይጎዳልና። ይሁንና መኪናው እየሄደ ወደ አንደኛ መግባት በዚህ ካምቢዮ ላይ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ዘንጉን ወደ ግራ ገፍቶ፣ ጥቂት ነዳጅ ሰጥቶ ዙሩን ከፍ አድርጎ፣ ሳያስገድዱ ማስገባት ነው። ማርሾችን ሳይጮኹ የሚያገናኘው ሲንክሮናይዘር የሚባለው ክፍል፣ እ.ኤ.አ. በ1928 ካዲላክ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ካቀረበው ወዲህ የሾፌሩን ሥራ እጅግ ቢያቀልም፣ ዳገት ላይ ግን የእግርን እርዳታ ይፈልጋል።

ስለ ዳገት አነሳስ ደግሞ ከራሴ ይልቅ ታናሽ እህቴን ሳስተምር የታዘብኩት ይበልጣል። የደሴ መንገዶች ግማሾቹ ወይ ሽቅብ ወይ ቁልቁል ናቸው፤ ከቧንቧ ውሃ ወደ ላይ ይሁን ወደ ሰኞ ገበያ፣ ከኋላ ባጃጅ ተለጥፎ በዳገት ላይ ቆሞ መነሳት የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። ያሪስ በዚህ ረገድ ለተማሪ ደግ ናት። የፍሪሲዮን ፔዳሏ ቀላል ነው፤ ፍሪሲዮኑ የሚይዝበት ነጥብ ግልጽ ስለሆነ የመኪናዋ አፍንጫ ጥቂት ቀና ሲል ይታያል፤ የእጅ ፍሬኑ ከማርሽ ዘንጉ አጠገብ ስለሆነ እጅ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ሩቅ መንገድ የለበትም። እህቴን ያስተማርኳት በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ የእጅ ፍሬን ተይዞ አንደኛ ማርሽ ይገባል፣ ጥቂት ነዳጅ ይሰጣል፣ ፍሪሲዮኑ እስኪይዝ ቀስ ብሎ ይለቀቃል፣ አፍንጫዋ ቀና ስትል የእጅ ፍሬኑ ይለቀቃል። በሦስተኛው ቀን ያለ አንዳች መንሸራተት ተነሳች። ፍሪሲዮን ግማሽ ተረግጦ ዳገት ላይ መኪናን ማንጠልጠል ግን ከመጀመሪያው ቀን ከልክያታለሁ፤ ይህ ልማድ የፍሪሲዮን ዲስክን በጥቂት ወራት ይጨርሳል፣ ሽታውም በታክሲ ወረፋ ላይ ዘወትር የሚሸተን ነው።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ የበለጠ ከባድ ጉዳይ ነው፤ ዳገት ቢበዛ ያቆማል እንጂ አይጥልም። ጠዋት ሐረጎን ስወርድ መኪናዋ ከነተሳፋሪዎቿ 1,150 ኪሎ ግራም ብትመዝንና 650 ሜትር ከፍታ ብትወርድ፣ በዚያ ጉዞ የሚለቀቀው ኃይል ከሃያ ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ከፊሉን አየሩና ጎማው ይወስዱታል፤ የቀረውን የሚሸከመው ወይ ፍሬኑ ነው ወይ ሞተሩ። ለፍሬኑ ብቻ ከተተወ የፍሬን ሸራው ይግላል፣ ይሸታል፣ በመጨረሻም መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ በወጣሁበት ማርሽ እወርዳለሁ፤ ብዙውን ቁልቁለት በሦስተኛ፣ ጠባቦቹን ጥምዞች በሁለተኛ። በዚህ ላይ የያሪስ ካምቢዮ ሙሉ ምስጋና ይገባዋል፤ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ሲቀነስ ዘንጉ ሰያፍ መንገድ ቢኖረውም እጅ ዘና ካለ ራሱ መንገዱን ያገኛል፣ ሞተሩም ትንሽ ቢሆንም በሁለተኛ መኪናዋን አጥብቆ ይይዛታል። ክረምት ላይ ጉም ወርዶ ከአሥር ሜትር በላይ በማይታይበት ጠዋት፣ አስፋልቱ ረጥቦ ሳለ፣ ፍሬን ሳይረገጥ በሞተሩ ተይዞ መውረድ የሚሰጠውን መረጋጋት አውቶማቲክ መኪና ከነዱ ጓደኞቼ ጋር ስንነጋገር ሁሌም አነሳዋለሁ።

እዚህ ላይ አንድ የከረመ ልማድ መነሳት አለበት። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ሐረጎን በዜሮ ማርሽ የሚወርዱ ሾፌሮች አሉ። የነዳጅ ወረፋው ረጅም በሆነበት ጊዜ ሐሳቡ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል፤ ነገር ግን ስሌቱ የተሳሳተ ነው። እንደ ያሪስ ባሉ በኢንጄክሽን፣ ማለትም በኮምፒውተር እየተመጠነ በሚረጭ ነዳጅ፣ በሚሠሩ መኪኖች ላይ፣ ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ፣ ዙሩ በቂ እስከሆነ ድረስ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ፈጽሞ ይዘጋል፤ ሞተሩን የሚያዞረው የመኪናው ክብደት ነው። በዜሮ ማርሽ ሲወረድ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መቃጠል አለበት። ስለዚህ በዜሮ የሚወርድ ሰው ነዳጁንም ፍሬኑንም በአንድ ላይ ይጨርሳል።

ስለ አምስተኛው ማርሽ ብዙ የምለው የለም። በደሴ ከተማ ውስጥ ፈጽሞ አልነካውም፤ ወደ ሐይቅ ስሄድም የማገኘው ለአጭር ጊዜ ነው። ከኮምቦልቻ አልፎ በቦርከና ሸለቆ ወደ ሐርቡና ወደ ከሚሴ ሲወረድ ግን መንገዱ ይዘረጋል፣ አምስተኛው ይገባል፣ የሞተሩ ድምፅም ይረግባል።

ስለ ካምቢዮው ጤንነት ግን ሁለት ክረምት ያሳየኝን ላክል። በደሴ ብርድ ጠዋት ሁለተኛ ማርሽ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ይደርቃል፤ ይህ በካምቢዮው ውስጥ ያለው ዘይት በብርድ ስለሚወፍር ነው እንጂ ብልሽት አይደለም፣ ሲሞቅ ይተዋል። እኔ ስገዛት ግን ከሞቀች በኋላም ይከብድ ነበር፤ መካኒኩ ዘይቱን ሲያወጡት እንደ ሬንጅ ጠቁሮ አገኙት። ካምቢዮው የሚይዘው ሁለት ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው፤ የሞተር ዘይት በየጥቂት ወሩ የሚቀይር ሰው ይህችን ጥቂት ዘይት ለዓመታት መርሳቱ ያሳዝነኛል። ከተቀየረ በኋላ ሁለተኛው ማርሽ ሌላ መኪና እስኪመስል ለሰለሰ። የኋላ ማርሹም ሲገባ አንዳንዴ ይጮኽ ነበር፤ ይህ ማርሽ በብዙ ካምቢዮዎች ላይ እንደ ፊት ማርሾቹ ሲንክሮናይዘር የለውም፤ ስለዚህ ፍሪሲዮን ከረገጡ በኋላ ሁለት ሦስት ሴኮንድ መቆየት፣ ወይም አስቀድሞ አንዱን የፊት ማርሽ ነካ አድርጎ መመለስ በቂ ነው። በላዳ ዘንጉ በቀጥታ በካምቢዮው ላይ ስለሚቆም ጥርሶቹ ሲገናኙ መዳፍ ላይ ይሰማል፤ በያሪስ ግን ዘንጉ ከካምቢዮው ጋር የሚገናኘው በገመድ ነው፣ ስሜቱም ትንሽ የራቀ ነው። በገመዶቹ ጫፍ ያሉት ትንንሽ ቡሾች ሲያልቁ ዘንጉ ይወላወላል፣ ሾፌሩም ካምቢዮው የተበላሸ ይመስለዋል። ካምቢዮ ይውረድ የሚል ብይን ከመቀበል በፊት እነዚህን ማስፈተሽ ብዙ ብር ያድናል።

እንግዲህ ይህችን መኪና በደሴ ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ከመግዛቱ በፊት ሞተሩ ሳይሞቅ እንዲያያት እመክራለሁ፤ ሻጩ አሙቆ ከጠበቀ ሌላ ቀን መመለስ ነው። የእጅ ፍሬን ተይዞ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ መልቀቅ፤ ሞተሩ ወዲያው ከጠፋ ፍሪሲዮኑ ይይዛል፣ ሳይጠፋ መዞሩን ከቀጠለ ግን ዲስኩ አልቋል። ከሁሉ በላይ ግን ወደ ሐረጎ ወስዶ በሁለተኛና በሦስተኛ እግርን ከነዳጅ መስጫው አንስቶ መውረድ፣ ዘንጉንም በእጅ ሳይደግፉ መተው ያስፈልጋል። ማርሽ የሚተፋ ካምቢዮ በሜዳ ላይ ምልክት ላይሰጥ ይችላል፤ ቁልቁለት ላይ ግን ዘንጉ ራሱ ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ መኪናውም በድንገት ይለቀቃል። እንዲህ ያለችውን መኪና በምንም ዋጋ ቢሆን አልገዛም።

ብቻውን ወይም ከአንድ ሁለት ሰው ጋር ለሚመላለስ ሰው የ1.0 ሊትሯን ባለ አምስት ማርሽ ያሪስ በሙሉ ልብ እመርጥለታለሁ፤ አቀማመጧ ግልጽ ነው፣ የኋላ ማርሿ ከአንደኛው ርቆ ተቀምጧል፣ ቁልቁለት ላይም ትታመናለች። ቤተሰብ ሞልቶ በየቀኑ ሐረጎን ለሚወጣ ግን ያ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍተት ይታክተዋል፤ እርሱ የዚህችኑ ትውልድ የ1.3 ሊትር ሞተር ያላትን ይፈልግ፣ ክፍተቱን የሚሸፍን ጉልበት አላትና። እኔም ልጆቼ አድገው የኋላው መቀመጫ ሲሞላ ወደዚያችው ለመሸጋገር አስቤአለሁ፤ የእርሷም የኋላ ማርሽ በቀኝ በኩል፣ ከአምስተኛው ሥር ነው።